በአራተኛው ቀን የመጣችው ሸረሪት

መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም ለፍጥረታት ስም ያወጣበትን ሳምንት ቀን በቀን ይቆጥራል። ተራኪው መልአክ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መላእክት ፍጥረታቱን ወደ አዳም እንዴት እንዳቀረቧቸው ለሙሴ ይነግረዋል፤ በመጀመሪያው ቀን አራዊትን፣ በሁለተኛው እንስሳትን፣ በሦስተኛው አዕዋፍን፣ በአራተኛው በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ፣ በአምስተኛው በውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን። ኦሪት ዘፍጥረት ይህንኑ ታሪክ ሲተርክ ቀን አይለይም፤ ኩፋሌ ግን ሁሉንም ወረፋ አስይዞ ያሳያል። መጽሐፉ ሳይጎድል ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን የአምስት ቀን ወረፋ ለዓለም ጠብቀው ያቆዩት የኢትዮጵያ ጸሐፍትና ብራና ፋቂዎች ናቸው።

በዚህ ስሌት ሸረሪት የመጣችው በአራተኛው ቀን ነው። ያ ቀን ግን ገና አልመሸም። በስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚዘጋጀው የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ 50,000ኛውን ዝርያ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ነው። ከደቡብ አሜሪካ የተገኘች ዘላይ ሸረሪት ነበረች። የመዝገቡ አዘጋጆች ስም ያልወጣላቸው ዝርያዎች ገና ሌላ 50,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገምታሉ። ሥራው ከተጀመረ ከ260 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግምቱ ትክክል ከሆነ የተሄደው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው።

ከዚህ ቆጠራ ጀርባ ሃይማኖትም ፍልስፍናም ሲመላለሱበት የኖሩት ጥያቄ አለ። ለፍጡር ስም ማውጣት ምን ማድረግ ነው? ቀድሞ የነበረውን ማወቅ ነው ወይስ ያልነበረ ድንበር ማስመር? ጌታ መሆን ነው ወይስ አደራ መቀበል? ጥያቄው በደፈናው ሲያዝ ይሾልካል። በአንዲት ሸረሪት በኩል መያዝ ይሻላል።

ሞስ ላንዲንግ በካሊፎርኒያ መካከለኛ ጠረፍ፣ በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በባሕሩ ዳርቻ ነፋስ የከመረው የአሸዋ ቁልል አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የሸረሪት አጥኚው ጄሰን ቦንድ ከዚያ አሸዋ ውስጥ አንዲት ሴት ሸረሪት አገኘ። ከሚያውቃቸው ሸረሪቶች አንዷንም አልመሰለችውም። አዲስ ዝርያ ብቻ ሳትሆን፣ ሳይንሱ ጂነስ የሚለው አንድ ሙሉ ወገን ራሷን ችላ የምትወክል ሳትሆን እንዳልቀረች ጠረጠረ። ጥርጣሬ ግን ስም አያሰጥም። ወንዱ አልተገኘም ነበር።

ወንዱን ፍለጋ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀ። ቦንድ በእነዚያ ዓመታት ወደዚያው አሸዋ ደጋግሞ ተመላለሰ፤ ወንድ የሚባል አልታየም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2019 መጸው፣ አፋቸው ከአሸዋው ጋር እኩል ሆኖ በተቀበሩ ዕቃዎች ውስጥ ወንዶቹ ወድቀው ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት ቦንድና አራት ባልደረቦቹ መግለጫውን አሳተሙ፤ ሸረሪቷም ክሪፕቶክቴኒዛ ካውታክ ተባለች። ኩፋሌም አዳም ስም ከማውጣቱ ጋር አያይዞ ፍጥረታቱ ወንድና ሴት ሆነው ሲመጡ እንዳያቸው ይተርካል። ለአዳም ጥንዶቹ በአንድ ቀን ቀረቡለት። ለዚህች ሸረሪት ግን በሴቷና በወንዱ መካከል የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ ያህል ጊዜ አለፈ።

ወንዱ ይህን ያህል የሚሰወርበትን ምክንያት ለመረዳት፣ ይህች ሸረሪት የምትመደብባቸውን ባለመዝጊያ የሚባሉ ሸረሪቶች አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። ባለመዝጊያ ሸረሪት እንደ ቤት ሸረሪት በማዕዘን ድር አትዘረጋም። ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› የሚለው ተረት እሷን አይመለከትም፤ ብቸኛ ናት፤ ሐሯንም የምታውለው ለግድግዳና ለበር ነው። በብዙዎቹ ወገኖች መንጋጋ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ጠንካራ እሾሆች አሉ፤ መቆፈሪያዎቿ እነሱ ናቸው። ቀጥ ያለ ጉድጓድ ትቆፍርና ውስጡን በሐር ትለስነዋለች። አፉ ላይ አፈርና ሐር እያደባለቀች መዝጊያ ትሠራለች። መዝጊያው ባንድ ጎኑ በሐር ማጠፊያ ተይዞ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከላይ ሲታይ ከዙሪያው አፈርና ከደረቀው ቅጠል አይለይም። አጥኚዎች ተንበርክከው መሬቱን በጣታቸው እየዳበሱ የሚፈልጉት የፀጉር ያህል የቀጠነችውን ክብ መስመር ነው።

ሲመሽ መዝጊያውን በጥቂቱ ገርበብ አድርጋ የፊት እግሮቿን ደፉ ላይ ታሳርፋለች። ጥንዚዛ ሲያልፍ የእግሩን ርግጫ ከመሬቱ ትሰማለች። ተወርውራ ወጥታ ይዛው ስትመለስ ዓይን አይከተላትም። አደጋ ከመጣ ደግሞ መዝጊያውን ከውስጥ በጥፍሯና በመንጋጋዋ አንቃ ትይዘዋለች፤ ከውጭ በቢላ ጫፍ ለማንሣት የሞከረ ሰው ተቃውሞው በእጁ ይሰማዋል። ሳይክሎኮስሚያ የሚባለው ወገን የሆዱ ጫፍ እንደ ማኅተም ጠፍጣፋና ጠንካራ ስለሆነ፣ ሲሸሽ በራሱ ገላ ጉድጓዱን ይወትፋል።

ሴቷ በዚህ ጉድጓድ ውስጥ አሥርት ዓመታት ልትኖር ትችላለች። ወንዱም ለዓመታት እንደ እሷው በጉድጓድ ያድጋል፤ ለአካለ መጠን ሲደርስ ግን ቤቱን ለዘለዓለም ትቶ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ዝናብ ከጣለ በኋላ በሌሊት ነው። የሴት ጉድጓድ ፍለጋ ይንከራተታል፤ ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ስለዚህ ጎልማሳ ወንድ ከምድር በላይ የሚገኘው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። እነዚያ ሳምንታት ካለፉ ዓመት መጠበቅ ነው።

ሸረሪቷ ከተገኘች በኋላ ሌላ ትዕግሥት ይጀመራል። አዲስ ናት ለማለት የቀደሙትን ሁሉ ማወቅ ግድ ነው። በማጉያ መነጽር ሥር ስምንቱ ዓይኖች እንዴት እንደተደረደሩ ይታያል፤ የመንጋጋው ጥርሶች ይቆጠራሉ፤ በወንዱ የፊት እግር ላይ ሴቷን ደግፎ የሚይዝባቸው እሾሆች የት የት እንዳሉ ይሳላል። ወንድ ሸረሪት ዘሩን ለሴቷ የሚያቀብለው ከአፉ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት አጫጭር እግር መሰል አካላት ጫፍ ነው። የዚያ ጫፍ ቅርጽ በየዝርያው ይለያያል፤ ከፊደል ፊደል የሚለየው ያችን የምታህል ጭረት እንደሆነች ሁሉ፣ እዚህም ልዩነቱ ከአንዲት መጠማዘዝ አይበልጥም። ሴቷም ዘሩን የምታስቀምጥበት ከረጢት ከሆዷ ሥር ተፈልቅቆ ይወጣና ይታያል። ከእግር ሥጋ ደግሞ የዘር ቅንጣቱ፣ ዲኤንኤው፣ ይነበባል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሲታተም አንድ ናሙና ተመርጦ በሙዚየም ይቀመጣል። ስሙ ለዘለዓለም የሚታሰረው ከዚያ አንድ ናሙና ጋር ነው። መቶ ዓመት ቆይቶ ሰዎች ቢከራከሩ ዳኛው በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ያለው ያው ገላ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስም አወጣጥ ደንብ ሸረሪቶች ልዩ ክብር አላቸው። ለእንስሳት ሁሉ የስም መነሻ ተደርጎ የተወሰደው የስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1758 የታተመው አሥረኛው እትም። የአገሩ ልጅ ካርል ክሌርክ ግን ስለ ስዊድን ሸረሪቶች የጻፈውን መጽሐፍ በ1757 አሳትሞ ነበር። ደንቡ ይህን መጽሐፍ በ1758 የመጀመሪያ ቀን እንደታተመ ቆጥሮ ለሸረሪቶች ቅድሚያ ሰጠው። በዚህኛው ወረፋ ሸረሪት አራተኛ ሳትሆን አንደኛ ናት።

ኩፋሌ አዳም ከገነት በወጣበት ቀን የእንስሳት ሁሉ አፍ እንደተዘጋ ይናገራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከብቱም አውሬውም በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰውም እርስ በርሱ በአንድ ቋንቋ ይነጋገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ከቃሉ ይልቅ የትርጓሜው መንገድ የሚበልጥበት ሰው ይህን ታሪክ እንደፈቀደው ይተርጉመው። የሸረሪት አጥኚውን ኑሮ ግን በደንብ ይገልጸዋል። የሚያጠናት ፍጡር ማን እንደሆነች አትነግረውም። ከየትኞቹ ጋር እንደምትዋለድ፣ ከማን እንደተለየችና መቼ እንደተለየች የሚያውቀው እሾህ በመቁጠር ነው፤ ከዚያም ሃያ ዓመት በመጠበቅ።

የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ዘፍጥረት እንደሚተርከው እግዚአብሔር ፍጥረታቱን ወደ አዳም ያመጣቸው በምን ስም እንደሚጠራቸው ለማየት ነው። ስሙ የአዳም ነው፤ ፈጣሪ ዕድሉን ሰጥቶ ይጠብቃል። በቅዱስ ቁርኣን ሱረቱል በቀራ ግን አላህ ራሱ ስሞቹን ሁሉ ለአደም ያስተምረዋል፤ መላእክት ያላወቁትን ስም አደም ተምሮ ይነግራቸዋል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በአንደኛው አተራረክ ስም የሰው ሥራ ነው፤ በሌላው ቀድሞ ያለ እውነት ነው፣ ሰው የሚማረው። ፈላስፎች ዝርያ የሚባለው ነገር በዓለም ላይ በእውነት አለ ወይስ ሰው ለመናገር እንዲመቸው ያሰመረው መስመር ነው እያሉ ለዘመናት የተከራከሩት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆመው ነው።

ዝርያ በእውነት አለ ለሚለው ወገን ብርቱ ማስረጃ የመጣው ከወፍ አጥኚ ነው። ጀርመናዊው ኧርንስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ኒው ጊኒ፣ ወደ አርፋክ ተራሮች ወጣ። በዚያ 137 የወፍ ዝርያዎችን ለየ። የአካባቢው አዳኞችም ለእነዚያው ወፎች 136 ስሞች ነበሯቸው። ያቀላቀሉት በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት ዝርያዎችን ብቻ ነው። መጽሐፍ ያላነበቡ አዳኞችና ከአውሮፓ ሙዚየም የመጣ ሊቅ ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት መስመር አሰመሩ። መስመሩ በወፎቹ መካከል ራሱ ባይኖር ኖሮ ይህ እንዴት ይሆናል?

ባለመዝጊያ ሸረሪቶች ግን ነገሩን ያወሳስቡታል። ወፍ ይበራል፣ ይዛመታል፣ ይቀላቀላል። ባለመዝጊያ ሸረሪት ከእናቷ ጉድጓድ ጥቂት እርምጃ ርቃ ትቆፍርና ዕድሜዋን እዚያው ትጨርሳለች። ስለዚህ አንድ ሸለቆ ከሚቀጥለው ሸለቆ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተለይቶ ይኖራል። ቦንድና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ አፕቶስቲከስ በሚባለው ወገን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በመልክ አንድ የሆኑ ሸረሪቶች በዘር ቅንጣታቸው እጅግ ተራርቀው ተገኙ። በዘሩ ልዩነት ብቻ ቢሄዱ በየጉብታው አንድ ዝርያ ሊሰይሙ ነበር። በመልክ ብቻ ቢሄዱ ደግሞ ሁሉንም አንድ ብለው ይጨፈልቁ ነበር። ሁለቱንም ትተው ሦስተኛ ነገር ጠየቁ፤ እነዚህ ሸረሪቶች በአኗኗራቸው፣ በሚኖሩበት አፈርና የአየር ጠባይ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊይዝ ይችላል ወይ? ከቻለ አንድ ናቸው፤ ካልቻለ ተለያይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ቦንድ ስለዚሁ ወገን ባሳተመው ትልቅ ጥናት 40 ዝርያዎች ተዘረዘሩ፤ 33ቱ እስከዚያ ቀን ስም ያልነበራቸው ናቸው።

እዚህ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቃል ይረዳል። በፍጥረት ታሪክ እንስሳቱ የወጡት እንደ ወገናቸው ነው። ወገን ሣጥን አይደለም፤ ዝምድና ነው። ዘመድ ቅርብ አለው፣ ሩቅ አለው፤ ድንበሩ ላይ ያለው ሰው ወዲህም ወዲያም ሊቆጠር ይችላል። ድንበሩ አሻሚ በመሆኑ ግን ዝምድናው ሐሰት ነው የሚል የለም። ዝርያን በሣጥን አምሳል የሚያስቡ ሰዎች የመሸጋገሪያውን ብዥታ ሲያዩ ዝርያ የለም ወደ ማለት ይሄዳሉ። በወገን አምሳል የሚያስብ ሰው ግን ብዥታው አያስደነግጠውም። ዝርያ በእውነት አለ፤ ድንበሩን መለየት ደግሞ ፍርድ ይጠይቃል፣ ፍርዱም ሊሳሳት ይችላል። ዘፍጥረትና ቁርኣን የተለያየ ነገር የሚሉ ቢመስሉም፣ የአጥኚው ጠረጴዛ ላይ አብረው ይገኛሉ። ዝርያው የሚገኝ ነው፤ ስሙ የሚሰጥ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይከብዳል፤ የደም ጉዳይ ነውና።

ስም የወጣላት ሸረሪት ሞታለች። ያለ ናሙና ስም የለም ማለት ይቻላል፤ ናሙናው ደግሞ በአልኮል ውስጥ ያለ ገላ ነው። በአሸዋ ውስጥ ሃያ ዓመት ልትኖር የምትችል ፍጡር ስም እንድታገኝ ተብላ ከቤቷ ትወጣለች። አዳም ስም ሲያወጣ አንድም አልገደለም። ይህን ልዩነት ቀላል አድርጎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም፤ በተለይ ሕይወት ሁሉ የሰጪው ናት ብሎ ለሚያምን ሰው።

በዚህ ላይ የአውስትራሊያዊቷ የሸረሪት አጥኚ የባርባራ ዮርክ ሜይን ታሪክ መነገር አለበት። ሜይን በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ታሚን ከተማ አጠገብ፣ ሰሜን ቡንጉላ በሚባል ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1974 የባለመዝጊያ ሸረሪቶችን ጉድጓድ መከታተል ጀመሩ። ዙሪያው ደኑ ተመንጥሮ የስንዴ እርሻ የሆነ አገር ነው፤ የተረፈው የተፈጥሮ ቁጥቋጦ ቁርጥራጭ ነበር። በየጉድጓዱ አጠገብ ቁጥር ያለው ችካል ተከሉ። ከእነዚህ አንዷ ገና ከእናቷ የተለየች ጨቅላ ሸረሪት ነበረች፤ 16 ቁጥር ደረሳት። ሜይን አልገደሏትም። ከዓመት ዓመት እየተመለሱ መዝጊያውን ያዩ ነበር፤ አለች፣ ከዚያው ጉድጓድ አልተነቃነቀችም። ሜይን አርጅተው ከመስክ ሲቀሩ ሥራውን ሊያንዳ ሜሰን የተባለች አጥኚ ቀጠለች። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2016 ሜሰን ስትደርስ የ16 ቁጥር መዝጊያ ተበስቶ ነበር። ጥገኛ ተርብ ገብታ ወግታታለች። 43 ዓመት ኖራለች፤ እስከ ዛሬ በጥናት ከታወቁ ሸረሪቶች ሁሉ ረጅሙ ዕድሜ ነው። ሜይን በ2019 አረፉ።

16 ቁጥር የግል ስም አልነበራትም። ዝርያዋ ጋይዩስ ቪሎሰስ የተባለው በ1914 ነው፤ ያም ስም በሊቃውንት እጅ ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ተዛውሮ ተመልሷል። እሷ ግን ስሙ ሲነሣ ሲወድቅ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ኖረች። በሞስ ላንዲንግ መጀመሪያ ስም ወጣ፣ ጥበቃው ገና ነው። በሰሜን ቡንጉላ ጥበቃው አርባ ዓመት ቆየ፣ ስሙ ቁጥር ብቻ ሆነ።

ስለ ቅደም ተከተሉ የመጻሕፍቱ አተራረክ ልብ ሊባል ይገባዋል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ሰው ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የተቀመጠው በቁጥር 15 ነው፤ ስም ማውጣቱ የሚመጣው በቁጥር 19 ነው። መጠበቅ ይቀድማል፣ ስም ይከተላል። ኩፋሌ ይህን ይገለብጠዋል። በኩፋሌ አዳም ስም ያወጣው ገና ወደ ገነት ሳይገባ ነው። ወደ ገነት የገባው በአርባኛው ቀን ነው፣ ሊያበጃትና ሊጠብቃት፤ ሔዋን የገባችው በሰማንያኛው ቀን ነው። በኢትዮጵያ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የሚነሡበት ምክንያት ከዚህ ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ያን ቀን ሕፃኑ የክርስትና ስም ይቀበላል፤ ክርስትና አባትና እናትም አደራውን ይቀበላሉ። ስሙ ከአደራው ተለይቶ አይሰጥም። ስም ሰጥቶ መሄድ የሚባል ነገር በዚያ ሥርዓት ውስጥ የለም።

የናሙናው ሞት ሊመዘን የሚችለው በዚህ ሚዛን ነው። ስም የሌለው ዝርያ ሕግ ፊት የለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአሜሪካ የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ዝርያዎች ሕግ የሚጠብቀው በስም የተመዘገበውን ነው፤ ጉድጓዱ ላይ መንገድ ሲሠራ ስም የለሽ ሸረሪት ጠበቃ አይቆምላትም። ቦንድና ባልደረቦቹ በ2020ው ጽሑፋቸው ካውታክን አደጋ የተጋረጠበት ሕያው ቅሪት ብለው ጠርተዋታል፤ በአንድ ወቅት በካሊፎርኒያ በሰፊው የነበረ ወገን የመጨረሻ ምልክት ሊሆን ስለሚችል። ጥቂት ሸረሪቶች ሞተው የቀሩት በስማቸው ከተጠበቁ የአጥኚው እጅ ከወንጀል ይነጻል። ስሙ ታትሞ አሸዋው ቢጠፋ ግን ናሙናው ለመዝገብ ጌጥ ሲባል ብቻ ተገድሏል። ይህን ፍርድ የሚሰጠው ሳይንሱ አይደለም፤ ከስሙ በኋላ የሚመጡት ሰዎች ናቸው።

ስሙ ራሱስ ከየት ይመጣል? ቦንድ ቀደም ሲል የታወቁ ሰዎችን ስም ለሸረሪቶች ሰጥቷል፤ በ2012 ከወጡት አንዷ በባራክ ኦባማ ተሰይማለች፣ ሌላዋ በዘፋኙ ቦኖ። በ2004 እሱና ባልደረባው ከደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ ኬፕ የገለጿት ባለመዝጊያ ሸረሪት ስታሲሞፐስ ማንዴላይ ናት፤ ለኔልሰን ማንዴላ ክብር። እነዚህ ስሞች ጋዜጣ ላይ ይወጣሉ፣ ሰው ስለ ሸረሪት እንዲያነብ ያደርጋሉ፤ ይህም ዋጋ አለው። ካውታክ ግን ከእነሱ ይበልጣል። ቃሉ ከሙትሱን ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙ የባሕር ዳርቻ ነው። ሙትሱን ስፔናውያን መጥተው ሕዝቡን በሚሲዮን ግቢ ከመሰብሰባቸው በፊት በዚያ አካባቢ ይነገር ነበር። አቀላጥፈው ይናገሩት ከነበሩት የመጨረሻዋ አሴንሲዮን ሶሎርሳኖ በ1930 አረፉ። በሕይወታቸው መጨረሻ ጆን ሃሪንግተን የተባለ አጥኚ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያውቁትን ጽፎ አስቀረ። ዘሮቻቸው ዛሬ ቋንቋውን ከዚያ ጽሑፍ እየተማሩ መልሰው ለማንሣት ይታገላሉ። ያች ሸረሪት በአንድ የዓለም ጥግ በተጠራች ቁጥር የእነሱ ባሕር ዳርቻ በእነሱ ቃል ይጠራል።

ኢትዮጵያ ይህን ታውቀዋለች። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ከሰሜን ተራሮች ሁለት እንስሳትን ለሳይንስ ሲገልጽ የሰጣቸው ስም የአገሬውን ነው፤ ጌላዳና ዋልያ። የደጋ አጋዘን ግን እንዲህ አልታደለም። በ1910 ሲገለጽ የተሰጠው ባክስተን የሚባል የውጭ አገር አዳኝ ስም ነው፤ የባሌ ገበሬ ምን ይለው እንደነበር በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የለም። ደንቡ ከየትኛውም ቋንቋ የተወሰደን ቃል በላቲን ፊደል እስከተጻፈ ድረስ ይቀበላል። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ተማሪ ለሆናችሁ፣ በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎቻችሁን ወደ መስክ ለምትወስዱ መምህራን አንድ ልመና አለ። ድንጋይ ገልብጣችሁ የማታውቁት ነገር ስታገኙ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ማስታወሻውን ሳትዘጉ በአቅራቢያው ያለውን እረኛ ወይም ገበሬ ‹‹ይህን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም እንደተናገሩት በፊደል አስቀምጡት።